የምላስ ጥፋት

ወዳጄ ሆይ፣

ድሮ ስንጻጻፍ «ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ስጀምር ታሾፍብኝ ነበር። «ደህና ባትሆን ማን ሊጽፍልኝ ነው?» ትል ነበር። እንግዲህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ የደወል ቤት ደረጃ ሲያይ ይለግማል።

አሥራ አንድ ዓመት ዝም አልኩህ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት ሳይደወሉ በቆዩ ደወሎች መሀል ስለሆነ ነገሩን ትንሽ አውቀዋለሁ። ነሐሱ ራሱ ምንም አይሆንም። የሚበላሸው የተሰቀለበት ነው። ብረቱ ይዝጋል፣ ገመዱ ይበሰብሳል፣ እርግብ ይሰፍርበታል። በኋላ ልደውል ብትል ደወሉ ደህና ሆኖ መደወያው የለም።

የምነግርህ አንድ ነገር አለኝ። ግን እንደ ልማዴ ዞሬ ነው የምመጣው፤ ታገሰኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ። መዝገቦቼ ሁሉ እንደዚያ ናቸው።)

ሥራዬ ያው ነው። እወጣለሁ፣ እለካለሁ፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ አድርጌ እመታለሁ፣ እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ። ከንፈሩ ምን ያህል ይሰፋል፣ ምን ተጽፎበታል፣ ውስጡ ተንጠልጥሎ የሚመታው ምላሱ የሚያርፍበት ቦታ ምን ያህል ተበልቷል። ስለ ነሐስ ብቻም አይደለም የምጽፈው። አየርላንድ ውስጥ በቅዱስ ፓትሪክ ስም የሚጠራው ደወል ከታጠፈ ስስ ብረት የተሠራ ነው፤ በጣና ገዳማት ደግሞ ድንጋይ ይሰቀልና ይመታል። ሁለቱም ሥራቸውን ሠርተዋል።

ግን ፍቅሬ አሁንም ነሐሱ ላይ ነው። ከ100 እጅ 78 ያህሉ መዳብ፣ 22 ያህሉ ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድን። ቆርቆሮው ነው ድምፅ የሚሰጠው። እንዲሰበር የሚያደርገውም እሱ ነው።

አንዴ ጨለማ ውስጥ ፋኖስ ይዘህልኝ፣ «አንድ ደወል ስንት ድምፅ አለው?» ያልከኝን ታስታውሳለህ? አምስት ዋና ዋና ድምፆችን ቆጠርኩልህ። ከሁሉም በታች ሆኖ መጨረሻ የሚቀረው ጉምጉምታ፣ ከሱ በላይ መሠረቱ፣ ከዚያ በዜማ እርከን አቆጣጠር ያ የሚያሳዝነው ሦስተኛው፣ አምስተኛው፣ ከላይ ደግሞ ስምንተኛው። ያኔ ያልነገርኩህ ይገርምሃል። ምላሱ ሲያርፍ «ይሄ ነው የደወሉ ድምፅ» ብለህ የምትይዘው ቃና፣ ጆሮህ ከላይኞቹ ድምፆች አሰባስቦ የሚሠራው ነው። በደንብ ባልተቃኘ አሮጌ ደወል ላይ መሣሪያ ብትደቅን እዚያ ቦታ ምንም ላታገኝ ትችላለህ። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ስከተለው የኖርኩት ይሄንን ነው፤ ሳቅ ከፈለግክ።

ይህን ጉዳይ በጆሮው የለየ ሰው ዓይነ ስውር ነበር። ያኮብ ቫን አይክ ይባላል፤ የኡትሬክት ደዋይ። ደወሉን ሳይነካ ወደ ደወሉ ያፏጫል። ያፏጨው ቃና ከደወሉ ድምፆች አንዱ ከሆነ ደወሉ ይመልስለታል፤ ካልሆነ ዝም ይላል። እንዲህ እያለ አንድ በአንድ ለያቸው። ከዚያ ሄሞኒ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች አገኙት። በ1644 ዙትፈን ለምትባል የኔዘርላንድ ከተማ የሠሯቸው ደወሎች በትክክል የተቃኙ የመጀመሪያዎቹ ናቸው ይባላል። ከውስጥ በኩል ትንሽ ትንሽ እየፋቁ ነው የሚቃኙት። የተፋቀ ነሐስ ተመልሶ አይለጠፍም። ስለዚህ ቸኩለህ ከፋቅክ አበቃ።

ቸኩለህ ከፋቅክ አበቃ። ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ብዙ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ። ትልቁን የለንደን ደወል፣ ቢግ ቤንን፣ መቼም ታውቀዋለህ። በ1858 ነው የተሠራው፤ 13.7 ቶን ይመዝናል። በ1859 ሐምሌ ላይ መደወል ጀመረ፣ መስከረም ላይ ተሰነጠቀ። ሁለት ወር! መዶሻው ደወል ሠሪው ከፈቀደው ከእጥፍ በላይ ይከብድ ነበር። ያን መዶሻ ያስገባው ዴኒሰን የሚባል ጠበቃ ነው። ጥፋቱን በደወል ሠሪው ላይ ላከከ። ነገሩ በስም ማጥፋት ፍርድ ቤት ደረሰና ተረታ። ደወሉን ትንሽ አዞሩት፣ ቀለል ያለ መዶሻ ሰጡት፣ እስከ ዛሬ ከነስንጥቁ ይደውላል።

ይህን ታሪክ ለስንት ሰው እየሳቅኩ አውርቻለሁ መሰለህ። እኔ ግን ከዴኒሰን የባስኩ ነኝ።

ያንተ ደወል ሲሰነጠቅ ጥፋቱ የኔ ነበር። አሮጌው ምላስ ተበልቶ አልቆ ነበር፤ አዲስ ይሠራ ያልኩት እኔ ነኝ። ከጠንካራ ብረት አሠራሁት፣ ክብደቱንም ጨመርኩ። ድምፁ ራቅ ብሎ እንዲሰማ ፈልጌ ነበር። ጉራም ነበረበት፣ ልደብቅህ አልችልም። ምላስ ከደወሉ መለስለስ አለበት። መበላት ካለበት ምላሱ ይበላ፤ ምላስ ይተካል። ይህን ለተማሪ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። አንተ ገና የመጀመሪያውን ቀን ገመዱን ለቀህ ወረድክና «ይጮህብኛል፤ እንደ ድሮው አይዘፍንም» አልከኝ። «ትለምደዋለህ» አልኩህ።

አራት ዓመት ፈጀበት። ስንጥቁ የተነሣው ልክ ምላሱ ከሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ወደ ላይ አንድ ክንድ ያህል ሄደ። ሕዝቡ ደዋዩን አማ። ከልክ በላይ ይጎትታል ተባለ። ስብሰባው ላይ እኔን እንደ ባለሙያ ጠየቁኝ። «ከአደዋወሉ ይሆን?» አሉኝ። «ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ሁለት ቃል። ሌላ ምንም አላልኩም። አንተ ወደኔ አላየህም፤ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ወጣህ።

ከዚያ በኋላ ስንቴ ብዕር አንስቻለሁ። በመሀል ሥራ ነው ብዬ ሸሸሁ። ስለ ጦርነቱ ደወሎች ሳነብ ከረምኩ። ናዚዎች ከአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት 175,000 ያህል ደወል አውርደው ነበር፤ ለጦር መሣሪያ የሚሆን መዳብና ቆርቆሮ ፈልገው። ወደ 150,000 የሚጠጋው ቀለጠ። የተረፉት ሀምቡርግ ወደብ አካባቢ ሜዳ ላይ ተከምረው ተገኙ፤ ሰዎች «የደወል መቃብር» አሉት። ፐርሲቫል ፕራይስ የሚባል ካናዳዊ ደዋይ ከጦርነቱ በኋላ ሄዶ አጠናቸው። ደወሎቹን ለየአገራቸው በመመለሱ ሥራ ላይም እጁ አለበት። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ለመሆን ነበር የምመኘው። የሰው ደወል ለባለቤቱ የሚመልስ። በጎን ግን ያንተን ገመድ ወስጄብሃለሁ።

(ሞስኮ ያለውን 200 ቶን ደወል ሳይ ደግሞ አንተ ትዝ ትለኛለህ። በ1737 ቃጠሎ ተሰንጥቆ 11.5 ቶን የሚሆን ቁራጭ ተገነጠለበት፤ አንድ ቀን ሳይደወል። ቢያንስ እዚያ ደዋይ አልታማም።)

አሁን ወሬው። ያንተ ደወል መጋዘን ጥግ፣ ወለል ላይ ነበር የከረመው። ባለፈው ዓመት ገንዘብ ተገኘና አቅልጠን እንደ አዲስ እናፍሰው ያሉ ነበሩ። እምቢ አልኩ። ቢቀልጥ ነሐሱ ያው ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ተበየደ። ብየዳ ስልህ የአጥር በር እንደሚበየደው አይደለም። ደወሉ ሙሉውን ምድጃ ገብቶ በመቶዎች ዲግሪ ይግላል፤ እንደጋለ ስንጥቁ በራሱ ዓይነት ነሐስ ይሞላል፤ ከዚያ በጣም በዝግታ እንዲቀዘቅዝ ይተዋል። ከተቻኮልክ ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጥፍሬን ስበላ ነበር።

ስንሰቅለው ሩብ ዙር አዞርነው፤ ምላሱ ያልተበላ ቦታ እንዲያገኝ። ምላሱም አዲስ ነው፤ ከለስላሳ ብረት፣ ቀለል ያለ። ክብደቱን ሦስት ጊዜ ለካሁ። አናቱ ላይ፣ አክሊሉ ውስጥ የነበረውን አሮጌ ብረትም አወጣነው። ዝገት ሲያብጥ ደወልን ከውስጥ ይሰነጥቃል፤ ሌላ ቦታ አይቼ አውቃለሁ።

ገና አልተደወለም። በእንጨት መዶሻዬ ብቻ ነው የነካሁት። ጉምጉምታው ደህና ነው። ላይኛውን ግን አላምነውም፤ ደወሉን ሳይሆን ጆሮዬን ማለቴ ነው። ትንንሾቹን ደወሎች ስመታ ጥርት ያለው ጫፍ አሁን አይደርሰኝም። ዕድሜ ነው። ይህን ደወል እንደ ጓደኛ ድምፅ የሚያውቀው ጆሮ አንተ ጋ ነው ያለው።

ማን ይደውለው ሲሉኝ አንተን አልኳቸው። ለምን ሲሉኝም ነገርኳቸው። ስለ ምላሱም፣ ስለ ሁለቱ ቃላትም። በስብሰባ፣ ሁሉም ባለበት፤ ቃለ ጉባኤው ላይም ሰፍሯል። ቅጂውን ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ። ከዚህ ደብዳቤ በፊት እሱን ብታነበው ይሻል ነበር፣ ግን ያው አሁን እዚህ ደርሰሃል።

ባትመጣ አልቀየምህም፤ መብት የለኝም። ከመጣህ ግን ገመዱ አዲስ ስለሆነ እጅ ይልጣል። መያዣውን እንደምትወደው በጨርቅ ጠቅልዬልሃለሁ። ትንሽ አወፍሬው እንደሆነ ታየዋለህ።

ያንተው