ሄሊኮፕተሩ ላይ እጅ አታብዙበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ስለ በረራ ሲሙሌተር (በኮምፒውተር ስለሚበረርበት ጨዋታ) የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ይላል፣ አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ሄሊኮፕተሩ አፍንጫውን ሲደፋ "ወዲያው ወደ ኋላ ሳቡት" ይላል። እኔ እኮ 3 ወር ሙሉ ስከሰከስ የኖርኩት ይህንኑ ሳደርግ ነው!

የምጫወተው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርን ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ቤል 407 እና ካብሪ ጂ2 የተባሉ ሄሊኮፕተሮች ሲጨመሩለት ሴስና 172 የተባለውን ትንሽ አውሮፕላን ትቼ ወደነሱ ዞርኩ። ሴስናን ከፍታ አስይዘህ ትሪሙን (አፍንጫውን በያዘበት የሚያቆይለትን ማስተካከያ) ካስተካከልክለት ሻይህን እያማሰልክ ትሄዳለህ፣ ንፋስ ቢነቀንቀው እንኳ ራሱ ይመለሳል። ሄሊኮፕተር እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ትንሽ ካዘነበለና ካላረምከው ይብስበታል።

ጣጣው ያለው መዘግየቱ ላይ ነው። ሳይክሊኩን (ሄሊኮፕተሩን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን የሚያዘነብለውን መሪ ዘንግ) ወደ ፊት ስትገፋው አፍንጫው ቶሎ ይደፋል፣ ፍጥነቱ ግን ቀስ እያለ ነው የሚከተለው። ዓይንህን የፍጥነት መለኪያው ላይ ከተከልክ መርፌው አልንቀሳቀስ ይልሃል፣ ትንሽ ትጨምራለህ፣ አሁንም ትጨምራለህ፣ ከዚያ የገፋኸው ሁሉ ተጠራቅሞ ይመጣና 90 ኖት (የበረራ ፍጥነት መለኪያ ነው) ፈልገህ 115 ላይ ራስህን ታገኛለህ፣ ከፍታውም እያሽቆለቆለ። ትደነግጣለህ። ትስባለህ። አፍንጫው ሰማይ ያያል፣ ፍጥነቱ ይሞታል፣ እንደገና ትገፋለህ። ዥዋዥዌው በየዙሩ እየሰፋ ይሄዳል።

እኔን ያዳነኝ የቁስል ፕላስተር ነው። ቤል 407ን 100 ኖት ላይ ካረጋጋሁት በኋላ አድማሱ ከዳሽቦርዱ በላይ የሚያርፍበትን ቦታ ስክሪኑ ላይ በፕላስተር ቁራጭ ምልክት አደረግኩበት። (ባለቤቴ "ምን ሆኖ ነው የቆሰለው?" ብላ ስቃብኛለች።) አሁን ሥራዬ አድማሱን ከፕላስተሩ ጋር ማስማማት ብቻ ነው። ሲለያዩ በስሱ አርማለሁ፣ ከዚያ እጄን ይዤ እጠብቃለሁ። መርፌዎቹን ቆየት እያልኩ ገረፍ አድርጌ አያቸዋለሁ። ፍጥነት ከቀየርክ ግን ፕላስተሩም ቦታ ይቀይራል።

ሌላው ጠላት የጆይስቲኩ ሞላ ነው። ወደ ፊት ስትበር ሳይክሊኩ ወደ ፊት እንደተገፋ መቆየት አለበት፣ የኛ ጆይስቲክ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ መሃል ይጎትታል። 20 ደቂቃ ከሞላ ጋር ስትታገል የዋለ እጅ ስስ እርማት ከየት ያመጣል? ካቻቪቴ አንስቼ ሞላውን አወጣሁት። ዋስትናው ስላለፈበት ነው እንጂ አዲስ ለገዛ ሰው አልመክርም። ከዚያ ጆይስቲኩን ከጠረጴዛ አውርጄ ጉልበቶቼ መሃል የቡና ዱካ ላይ አሰርኩትና ክንዴን ጭኔ ላይ አሳረፍኩ። እውነተኞቹ አብራሪዎችም ክንዳቸውን ጭናቸው ላይ ያሳርፋሉ። አሁን የሚንቀሳቀሱት ጣቶቼ ናቸው።

ከፍታው በጥቂት ጫማ ሲዛነፍ ኮሌክቲቩን (ወደ ላይ የሚያነሳውንና ወደ ታች የሚያወርደውን ዘንግ) ባትነኩት ይሻላል፣ አፍንጫውን በትንሹ ማስተካከል ይበቃል። ምክንያቱም ኮሌክቲቩን ስታነሳ ቤል 407 አፍንጫውን ወደ ቀኝ ያዞራል፣ የግራ እግር ፔዳል መርገጥ ይፈልጋል። ካብሪው ፈረንሳይ ሠራሽ ነው፣ ሮተሩ (ከላይ የሚሽከረከረው ክንፉ) በተቃራኒው ስለሚዞር ፔዳሉም ይገለበጣል። ይህን ሳላውቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ስዘል ስንት ጊዜ እንደተሽከረከርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ደግሞ ሁላችንም መጀመሪያ ከቦሌ ነው መነሳት የሚያምረን። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ትንሹ ካብሪ እዚያ ጉልበት ያጥረዋል። ጀማሪ ከሆናችሁ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ከጅቡቲ ተነሱ። ሙቀቱን እንደሆነ ከሲሙሌተሩ ላይ መቀነስ ይቻላል፣ እዛ ያሉት ሰዎች ይህን ዕድል ቢያገኙ እንዴት ደስ ባላቸው!

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም "ወዲያው" የምትለዋን ቃል ብታርሟት። የእህቴ ልጅ ጽሑፋችሁን አንብቦ ትናንት ማታ እኔ ቤት ሲሞክር ነበር፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እንጦጦ ጫካ ውስጥ ጭራው ተነቅሎ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከገርጂ