የዚህ ሳምንት ርዕሳችን ደቻቱ ነው፣ ድምፅ ላኩ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ አቦ!

የዚህ ሳምንት የሬዲዮ ውይይታችን ድሬዳዋን አቋርጦ ስለሚያልፈው ወንዝ፣ ስለ ደቻቱ ነው። ያው ክረምት እየመጣ ነው። በጋውን ደረቅ አሸዋ ስለሆነ መንገድም፣ ቆሻሻ መጣያም አድርገነዋል፤ ገራባው፣ ፌስታሉ፣ የግንባታ ፍርስራሹ ሁሉ እዚያ ነው። ጎርፉ ግን ከተማው ላይ ጠብ ሳይል እንኳን ከላይ ከደጋው ተንደርድሮ ሊመጣ ይችላል። በ1998 ክረምት ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ነዋሪዎችን ወስዷል። ዛሬ አሸዋው ላይ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ያኔ አልተወለዱም።

ስለዚህ ባለሙያ ብቻ አናስወራ (ያለፈው ፕሮግራም እውነቱን ለመናገር ስብሰባ ስብሰባ ይሸት ነበር)። ከዚራም፣ መጋላም፣ ሳቢያንም ያላችሁ የሰፈራችሁን ሰው፣ በተለይ አዛውንቶችን፣ በስልክ ቅዱና እስከ ሐሙስ ማታ ላኩ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ እንደ ድሬ ልጅ ቀላቅሎም ቢያወራ ችግር የለውም። ጥያቄው ተጨባጭ ይሁን፦ ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና በሳምንት ስንቴ ይመጣል? ጎርፍ ቢመጣ ማን ነው ቀድሞ የሚነግራችሁ?

በበርጫ ሰዓት የሚደውል አይወቀስም፣ ግን አጠገቡ ያለውን ሬዲዮ ይቀንስ፣ አለዚያ መስመሩ ይጮህብናል።