የታሪክና ቅርስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «እናቱስ ማን ናት?»

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ዋና ሥራ እያንዳንዱ አባል ከቅድመ አያቶቹ የአንዱን ሕይወት በሰነድና በቃል መረጃ ተከታትሎ እንዲጽፍ ነበር። ደሴ ያደገ ልጅ ንጉሥ ሚካኤልን ያውቃል፤ አይጠየፍ አዳራሽንም ያውቃል። ወደ ራሱ ቅድመ አያት ሲመጣ ግን ስም ጠርቶ ያቆማል። ያሳሰበንም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ሁሉም እስከ ሰባት ቤት ዘሩን ቆጥሮ እንዲመጣ አዘዝን። ቆጥረው መጡ፤ ነገር ግን አቆጣጠሩ አባት በአባት ነበር፤ እናቶች የሉበትም። ስለዚህ በየስሙ አንጻር «እናቱስ ማን ናት?» የሚል ዓምድ ጨምረን ልጆቹን ወደየአያቶቻቸው መለስናቸው። የዓመቱ ትልቁ ውጤት የተገኘው ከዚህ ዓምድ ነው ብዬ አምናለሁ።

የአንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሥራ ልጥቀስ። እቤታቸው በቅድመ አያቷ ስም የተቆረጠ የመሬት ግብር ደረሰኝ ነበር። ኩታበር ካሉ ዘመዶች ዘንድ ደግሞ የቤተሰቡ የብራና ዳዊት ተገኘ። ጠርዙ በጧፍ ጭስ የጠቆረ፣ የገጹ ማዕዘን በጣት ወዝ የለሰለሰ ዳዊት ነው። በአንዱ ገጽ ኅዳግ ላይ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ የአንድ ሕፃን ልደት ተመዝግቧል፤ ወሩ ጥር፣ ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ፣ ከዚያም የአባትና የእናት ስም። ዓመተ ምሕረት አልተጻፈበትም። የልጁ ስም የክርስትና ስም ነው፤ የአባቱም ስም ከደረሰኙ ጋር አይገጥምም። ልጆቹ «ሌላ ሰው ነው» ብለው ሊተዉት ደርሰው ነበር።

ነገሩን የፈቱት የተማሪዋ አያት ናቸው። «እማማ፣ ጣልያን ሲገባ አባትዎ ስንት ዓመታቸው ነበር?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ «ዓመቱን እኔ ምን አውቄ! ብቻ አባታቸው ሰገሌ ሲቀሩ ገና ጡት አልጣሉም ነበር አሉ። አጎታቸው ናቸው ያሳደጓቸው፤ በሳቸውም ስም ይጠሩ ነበር» አሏት።

የንጉሥ ሚካኤል ጦር ሰገሌ ላይ የተሸነፈው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። ወንጌላዊውን ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ ቀሪው 3 ከሆነ ዘመነ ሉቃስ ይሆናል። 1903 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ግን ያኔ የተወለደ ልጅ በሰገሌ ጊዜ አምስት ዓመት አልፎታል። 1911ም እንዲሁ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ያ ግን ከሰገሌ በኋላ ነው። የቀረው 1907 ብቻ ነው። ደረሰኙ ላይ «አባት» ተብለው የተጻፉት አሳዳጊው አጎት ነበሩ። ሁለቱን ጽሑፎች ያገናኘልን የእናት ስም ነው፤ አያትየው በቃላቸው የነገሩን ስም ኅዳጉ ላይ ካለው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ያ ዓምድ ባይኖር ኖሮ ስሙን የሚጠይቃቸውም አልነበረም።

እኚህ ሰው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተዋጉት በ21 ዓመታቸው መሆኑ ነው። ተማሪዋ ይህን ስታሰላ «ከወንድሜ በአንድ ዓመት ብቻ ይበልጣሉ» አለችና ዝም አለች። የክፍሉም ልጆች ዝም አሉ። በመምህርነቴ የታሪክ ትምህርት እንዲህ ሲገባ አይቼ አላውቅም።

በሌሎቹም ሥራ የአያቶች አነጋገር ብዙ ረድቶናል። «የኅዳር በሽታ ጊዜ» ካሉ 1911 ነው፤ «አውሮፕላን ደሴን የደበደበ ለት» ካሉ ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው። እነዚህን በሰሌዳ ጽፈን ክበቡ ክፍል ሰቅለናል። ወሎ ውስጥ ደግሞ አንድ ስም ብቻ ይዞ መሄድ አያዋጣም። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። ከአባሎቻችንም በአንድ ወገን ሼህ፣ በሌላው ወገን ቄስ ያገኙ አሉ፤ ሁለቱንም በኩራት ጽፈዋል።

በ2014ቱ ጦርነት ከተማውን ለቀው የወጡ ቤተሰቦች ሲመለሱ ወረቀታቸውን አጥተዋል። ስለዚህ የተገኘውን ሰነድ ሁሉ ከቤቱ ሳናወጣ በስልክ ፎቶ እያነሳን፣ የተናጋሪውን ስምና ቀኑን ጽፈን አስቀምጠናል።

በሚቀጥለው ዓመት ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶችን እንጨምራለን። ወላጆች፣ የድሮ ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ወይም የጋብቻ ውል ካላችሁ ለልጆቻችሁ አሳዩልን፤ የእናቶቻችሁንና የአያቶቻችሁን እናቶች ስም ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።