እርሳሱን አትጫኚው

ለውድ ልጄ፣ ለሚጣዬ

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል።

ትናንት ማታ አክስትሽ ደውላ ነበር። ሌሊቱን ስትስዪ ታድሪያለሽ፣ ከዚያ ቀዳደሽ ትጥያለሽ አለችኝ። «እጄ ለሥዕል አልተፈጠረም» ብለሽም አልቅሰሻል። ራት አልበላም ማለቱን ግን ምን አመጣው? ከዛሬ ጀምሮ ራት ሳትበዪ እርሳስ እንዳትነኪ። ይሄ ምክር አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።

በቴሌግራም የላክሽውን የጣና ሥዕል ከእናትሽ ጋር ደጋግመን አየነው። እጅሽ ምንም አልሆነም። ዘጌ በግራ በኩል እንደሚታይ አልረሳሽም፤ ደንገሉም ደንገል ይመስላል። ጥፋቱ አንድ ነው፤ እርሳሱን ተጭነሽዋል። ሰማዩ ጥቁር፣ ዘጌ ጥቁር፣ ደንገሉም ጥቁር። ሁሉም እኩል ሲጠቁር ሁሉም እኩል ይቀርባል፤ ሩቅ የሚባል ነገር ይጠፋል።

እርሳስ ሲጫኑት ወረቀቱን ይሰረጉደዋል፤ የተሰረጎደ ወረቀት ደግሞ ላጲስ አይመልሰውም። ግራፋይቱም፣ ማለት ጥቁሩ ማዕድን፣ ተለጥፎ ያብለጨልጫል እንጂ ከዚያ በላይ አይጠቁርም። ጥቁረት የሚመጣው በመደራረብ ነው። አንዴ በስሱ፣ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ደግሞ ሌላ። ሽንኩርት በኃይለኛ እሳት ቢቆላ ምን እንደሚሆን አክስትሽን ጠይቂያት።

የእርሳሱን ጀርባ አንብቢ። ኤች ያለበት ጠንካራና ፈዛዛ ነው፣ ቢ ያለበት ለስላሳና ጥቁር። ቁጥሩ ሲጨምር ጠባዩ ይብሳል። ምሥጢሩ ሸክላው ላይ ነው። በፈረንጆች 1795 ኮንቴ የሚባል ፈረንሳዊ የግራፋይት ዱቄትን ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ ተኮሰው። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል። እኔ ቢሮ ሳለሁ ለቤት ፕላን 2ኤች እና 4ኤች ነበር የምንይዘው።

መጀመሪያ አድማሱን አስምሪ። ጣና ከኛ ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚዘረጋ ጎርጎራ ከዚህ አይታይም፤ ውኃው የሚያልቀው ሰማዩ ጋ ነው። ስለዚህ መስመሩ ቀጥ ይበል። ትንሽ ካዘመመ ሐይቁ የሚደፋ ይመስላል። ወረቀቱን እኩል ለሁለት እንዳይከፍለው። ውኃው ከማረከሽ ከፍ አድርጊው፣ ሰማዩ ከማረከሽ ዝቅ።

ዘጌን በ2ኤች፣ እርሳሱን አጋድመሽ በስሱ። ዛፍ ዛፉን አትልቀሚ። በመሀል ያለው አየር እርጥበትና አቧራ ስላለበት ሩቁን ያፈዘዋል።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። አያትሽ ከዘጌ በታንኳ እንጨት ጭነው ሲመጡ ዳር ላይ ተቀምጬ እጠብቃቸው ነበር። መጀመሪያ የሚታየው ከውኃው የማይለይ ግራጫ ነጥብ ነው። «አባዬ መጣ!» ስል እናቴ «ወፍ ነው፣ ዝም በል» ትለኛለች። ነጥቡ ትንሽ ይጠቁራል። ቀጥሎ የታንኳው አፍንጫ ይለያል። ቀጥሎ መቅዘፊያው። ቀጥሎ የአባቴ ትከሻ። ዳር ሲደርሱ ውኃ የጠጣው ደንገልም እንጨቱም እሳቸውም ጥቁር ናቸው። ታንኳውን ጎትተው ፀሐይ እንዲያደርቀው ያቆሙትና በእርጥብ እጃቸው ራሴን ይዳብሱኛል።

ሚጣዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እርሳስ ከእጄ አልተለየም። የሰው ቤት፣ የሰው ደረጃ፣ የሰው አጥር ሳልኩ። አባቴን ታንኳቸው ላይ አልሳልኳቸውም። ፎቶም የላቸውም። አሁን ልሞክር ብዬ ስቀመጥ ትከሻቸው ይመጣል፤ ፊታቸው እምቢ ይለኛል። ይሄ ያንገበግበኛል። አንቺ ግን የሳልሽውን በገዛ እጅሽ ትቀጃለሽ! ከእንግዲህ አንድም ወረቀት ቀደሽ እንዳትጥዪ። አስቀያሚውንም ሥዕል ቀን ጻፊበትና አስቀምጪው።

ከየት አቋረጥኩ? ውኃው ጋ። ውኃን በአግድም መስመር ሳዪው። የደንገሉ ነጸብራቅ ከሥሩ ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ ወደ ጎን እንዳይሄድ። ውኃው ላይ የሚያብረቀርቀው የወረቀቱ ንጣት ራሱ ስለሆነ ሳትነኪው ተዪው። በጣትሽ አታሻሺ፣ የጣት ወዝ ያቆሽሻል። ከመዳፍሽ ሥር ንጹሕ ወረቀት አድርጊ። ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪ፤ ዝርዝሩ ይጠፋና የጨለመውና የበራው ቦታ ብቻ ይቀራል። 6ቢ መጨረሻ ላይ ብቻ ይምጣ፣ ለቅርቡ ደንገል። እሱንም አትጫኚው።

ጣና ከራቀሽ እንጦጦ አለልሽ። ጠዋት ወጥተሽ እዪው፤ ከፊቱ ካሉት ቤቶች እንዴት እንደሚፈዝ ልብ በዪ። ከስልክ ፎቶ ላይ መገልበጡን ለጊዜው ተዪው።

በጎረቤታችን ልጅ እጅ ዕቃ ልኬልሻለሁ። 2ኤች፣ ኤችቢ፣ 2ቢ እና 6ቢ አለበት፣ ለስላሳ ላጲስም ጨምሬያለሁ። በምላጭ ቅረጫቸው፣ ጫፋቸው ረዘም ይበል፤ ጣትሽን ግን ጠብቂ። በርበሬው የአክስትሽ ነው። ሽሮው ያንቺ ነው፣ እንዳይሻግት ከፌስታሉ ቶሎ አውጪው። ልጁ ዓርብ ይደርሳል፣ ስልክሽን እንዳትዘጊ።

አምላክ ይጠብቅሽ፣ የኔ እመቤት።

አባትሽ
ከባሕር ዳር

ዛሬ ማታ ራት መብላትሽን አክስትሽ ደውላ ትንገረኝ። ካንቺ አፍ አላምንም።