«ፎቶው ላይ ያለው ሰው ማን ነው?» ለምትሉን ደንበኞቻችን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ማንነታቸው ያልታወቁ ሰዎችን አሮጌ ፎቶ የምንሸጥበትን መንገድ ስለማስረዳት

አብዛኞቹ ፎቶዎቻችን በገቡበት ፖስታ ላይ «ማንነቱ ያልታወቀ» ወይም «ማንነቷ ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ይህ አንዳንዶቻችሁን ቅር አሰኝቷል። «‹የምኒልክ ዘመን መኳንንት› ብትሉት ማን ይከሳችኋል?» ያላችሁንም አላችሁ። የሚከሰንስ የለም። ግን ከእኛ እጅ የወጣ የሐሰት ስም ከገዢ ወደ ገዢ ሲተላለፍ እየዋለ እያደረ እውነት ይመስላል። የሰውዬው የልጅ ልጅ አንድ ቀን ፎቶውን ቢያገኘው እንኳ የሌላ ሰው አያት ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ የማናውቀውን አንጽፍም፤ ያወቅነውን ግን አንድም ሳናስቀር እንጽፋለን፤ ዋጋውንም የምንተምነው በዚያው ነው።

መጀመሪያ የምናየው ጀርባውን ነው፦ የፎቶ ቤቱን ማኅተም፣ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚለውን ጽሑፍ፣ ቀኑን። ቀኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። በግዕዝ ቁጥር ከተጻፈ አያጠያይቅም። «1948» ተብሎ ብቻ ሲገኝ ግን ውጭ አገር ያሉ ገዢዎቻችን በፈረንጅ ዘመን ይወስዱትና ፎቶውን ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጁታል። የአማርኛ ጽሑፍ አብሮት ካለ እኛ በአገራችን አቆጣጠር እንወስደዋለን፤ ፖስታው ላይም ሁለቱንም ዘመን እናሰፍራለን።

ማኅተምን በተመለከተ የሚነሣ አንድ ስም አለ። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ኋላም ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ያነሧቸው ፎቶዎች በጣም ይፈለጋሉ። ከዚህም የተነሣ ካባ የለበሰ ሰው በታየ ቁጥር «ይሄ የቦያጂያን ነው» ይባላል። ማኅተም ወይም ሌላ ማስረጃ ከሌለ እኛ እንዲህ አንልም።

ከአለባበስም ብዙ ይገኛል። ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰች ሴት ሐዘን ላይ ናት፤ «ጭምት ወይዘሮ» ብሎ መጻፍ ነገሩን መሳት ነው። ኒሻን በቀኝ ደረት ላይ ሲታይ ደግሞ ኔጋቲቩ ተገልብጦ ታትሞ ሊሆን ስለሚችል የኮቱን ቁልፎች አይተን እናመሳክራለን።

አልፎ አልፎ በወፍራም ካርድ ላይ የተለጠፉ፣ ካርዳቸው 6 በ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቡናማ ፎቶዎች ይመጡልናል። ይህን ዓይነቱን ፎቶ እ.ኤ.አ. በ1854 ፓሪስ ውስጥ በፓተንት ያስመዘገበው ፈረንሳዊው ዲስዴሪ ነው፤ በአውሮፓ በጣም የተስፋፋው በ1860ዎቹ ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ስለሆነ የዚያ ዘመን ካርድ እዚህ ከተማ ተነሣ ሊባል አይችልም። ከውጭ ከመጡ ቤተሰቦች ሻንጣ የወጣ ይሆናል፤ እንደዚያው እንሸጠዋለን፣ ውድም አይደለም።

አልበም አንበትንም። ከአልበሙ አንዷን ቆንጆ ፎቶ ብቻ ነቅለን እንድንሸጥላችሁ የምትጠይቁን ትበዛላችሁ፤ ይቅርታ፣ አይሆንም። ሠርግ ላይ ያለው ያልታወቀ ወጣት ሦስት ገጽ አልፎ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ይገኛል፤ እሷ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ስሟ ተጽፏል። ከተበተነ ያ ክር ለዘላለም ተበጠሰ ማለት ነው።

ዘመዱን ያወቀ ሰው ከመጣ ከማንም በፊት ይቀድማል፤ እኛ በገዛንበት ዋጋም ይወስደዋል። ፎቶው አስቀድሞ ለእናንተ ተሽጦ ከሆነ ደውለን እናሳውቃችኋለን፤ ከዚያ ወዲያ ውሳኔው የእናንተ ነው። የቅርብ ጊዜ ጉርድ ፎቶዎችንና ዛሬ በሕይወት ሊኖሩ የሚችሉ ሰዎችን የልጅነት ፎቶ ግን ለሽያጭ አናቀርብም። እነዚህ ከአልበም ጋር ተቀላቅለው ሲመጡ ለይተን እናስቀምጣለን።

የገዛችሁትን ስትይዙ፦ ጀርባው ላይ በእርሳስ እንጂ በእስክርቢቶ አትጻፉ፤ ፕላስተር አትለጥፉበት፤ ገጹ ሙጫ ያለው አልበም ውስጥ አታስገቡት። ግድግዳ ላይ መስቀል ከፈለጋችሁ ኮፒውን እናትምላችኋለን፤ ዋናውን ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ጨለማ ጨለማው ላይ ብርማ ነጸብራቅ ካያችሁ ከራሱ ከምስሉ የወጣ ብር ስለሆነ በጨርቅ አትሹት።

ወደ ውጭ ይዛችሁ የምትሄዱ ደግሞ ከጉዟችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ጠይቁ። የግዢ ደረሰኙንና ፖስታውን ይዛችሁ ብትቀርቡ ይጠቅማችኋል፤ ሁለቱም ከጠፋባችሁ ከመዝገባችን ላይ እንጽፍላችኋለን።

ከሰላምታ ጋር
የሱቁ ባልደረቦች