ለእንቁላል የሚገባው ማባያ

ውድ ወዳጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ደብዳቤ ከተለዋወጥን እጅግ ቆየን፤ ምክንያቱን ልዘርዝር ብል ወረቀቱ ሊያልቅብኝ ነውና በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልለፍ። ካቋረጥናቸው ወጎች ሁሉ ዛሬም በልቤ የሚመላለሰው የእንቁላሉ ሙግት ነው። አንቺ እንቁላል ያለ ማባያ ግማሽ ምግብ ነው ትያለሽ፤ እኔ ደግሞ በሳህንሽ ጠርዝ የሚደረደሩትን ሰናፍጭ፣ ካቻፕና ማዮኔዝ እያየሁ ለእንቁላሉ አዝንለት ነበር። ከአቋሜ አሁንም ንቅንቅ አላልሁም፤ ሆኖም ያን ጊዜ በስሜት ብቻ እሟገትሽ የነበረውን ዛሬ በምክንያት ላስረዳሽ እፈልጋለሁና በትዕግሥት አንብቢልኝ።

የምለው ይህ ነው፦ አስኳል ራሱ ማባያ ነው። ነጩ ከአሥር እጅ ዘጠኝ እጁ ያህል ውሃ፣ የቀረው ደግሞ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ ስብ የለበትም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህም ብቻውን ሲበላ ጣዕሙ ጎላ ብሎ አይሰማም። አስኳሉ ግን ግማሽ ያህሉ ውሃ ሆኖ ከሲሦ ብዙም የማያንስ ስብ ይዟል፣ ያ ስብም ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ስለሚገኝ፣ ሳይረጋ በቀረ ጊዜ የነካውን ሁሉ ያለሰልሳል፣ ዳቦም ቢሆን ድንችም ቢሆን። ይኸው አስኳል ደርቆ ሲፈረፈር ግን ከአፍ ምራቅ መምጠጥ ይጀምራል፤ እጅም ወደ ጠርሙሱ የሚዘረጋው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ፣ ወዳጄ፣ ማባያ የሚያስፈልገው እንቁላሉ ሳይሆን ከልክ በላይ መብሰሉ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ችግሩ ነጩና አስኳሉ የሚረጉበት ሙቀት አለመመሳሰሉ ነው። ነጩ 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መርጋት ይጀምራል፤ ነገር ግን በውስጡ ከሁሉ በብዛት የሚገኘው ኦቫልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ወደ 80 ዲግሪ ካልተጠጋ በደንብ አይጠነክርም። አስኳሉ በበኩሉ 65 ዲግሪ ገደማ ላይ ወፈር ይልና 70 ሲሆን ይረጋል። እንዲህ ከሆነ ጠንካራ ነጭና ፈሳሽ አስኳል በአንድ እንቁላል እንዴት ሊገኙ ይችላሉ ብለሽ ብትጠይቂ፣ መልሱ ሙቀቱ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ መሆኑ ነው፤ ነጩ ቀድሞ ይግላል፣ አስኳሉም ተራው ሳይደርሰው እንቁላሉን አውጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መክተት ነው። መካከለኛ መጠን ላለው እንቁላል ከፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ ይበቃዋል፤ በከፍተኛ ቦታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ እዚያ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ከዚህ እጅግ ካለፈ በነጩ ውስጥ ያለው ድኝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ይገናኝና በአስኳሉ ዙሪያ ያን አረንጓዴ ቀለበት ያመጣል። ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ሽታውንም ድርቀቱንም ለመሸፈን ሰናፍጭ ቢጠራ አልደነቅም።

ስለ ትኩስነት የሚነገረውም ሁሉ በአንድ መልክ የሚሠራ አይደለም። ዛሬ የተጣለ እንቁላል ለቅቅል አይመችም፤ ቅርፊቱ ሲላጥ ነጩን ይዞ ይነሣል። እንቁላል ሲቆይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ስለሚወጣ ነጩ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ ከስሱ ሽፋን ጋር ያለው ትስስርም ይላላል። ሰብረሽ በሚፍለቀለቅ ውሃ ውስጥ የምታበስዪው ከሆነ ግን ትኩሱን ምረጪ፤ የቆየው ነጭ በውሃው ውስጥ ተበታትኖ ይቀራል። ስለ ጥብስ ብዙ የምለው የለኝም። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ እንዲንኮሻኮሽ የሚወዱ አሉ፣ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም፣ አልጣላቸውምም። ፍርፍሩን ግን በዝግተኛ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ፣ ገና እርጥበት ሳለበት ማውረድ ይገባል፤ ከምድጃ ከወረደም በኋላ በራሱ ሙቀት መብሰሉን አያቆምምና።

አሁን አንቺ ፊትሽን ወደምታዞሪበት ወደ ዓሣ እንቁላል ልምጣ። ይህን ምግብ የምወደው ውድ ስለሆነ አይደለም፤ አስኳል ማባያ ነው ያልሁትን በጉልህ የሚያረጋግጥልኝ እርሱ ስለሆነ ነው። እያንዳንዷ ፍሬ በስስ ሽፋን የተከበበች፣ ስብና ፕሮቲን የያዘች ትንሽ አስኳል ናት፤ ሰው የጨመረላት ነገር ቢኖር ጨው ብቻ ነው፣ ጨውም እንዳትበላሽ ይጠብቃታል፣ ሽፋኗንም ያጠነክረዋል። ከሁሉ የምመርጠው ሳልመን የተባለውን ዓሣ እንቁላል ነው። ፍሬው ትልቅና ብርቱካናማ ነው፤ በላንቃ ላይ ሲጫኑት ይፈነዳና ጨዋማ ዘይቱ በአንዴ አፍን ይሞላል። ካቪያር የሚባለው ጥቁሩ የዓሣ እንቁላል ስተርጅን ከተባለ ዓሣ የሚገኝ ሲሆን ጥሩ የተባለው በጨው ቁጠባ የተዘጋጀው ነው፤ ጣዕሙ ረጋ ያለ፣ ወደ ለውዝና ወደ ቅቤ የሚያደላ ነው። ነገር ግን ስሙ ከጣዕሙ ቀድሞ ስለሚሄድ ሰዎች አፋቸውን ሳይሆን ዝናውን እየሰሙ የሚበሉት ይመስለኛል። ዝናውም ዓሣውን ጎድቶታል። በካስፒያን ባሕር የሚታወቀው፣ ቤሉጋ የተባለው የስተርጅን ዝርያ ሴት እንቁላል ለመጣል እስከ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚወስድባት በዘፈቀደ መጠመዱን ልትቋቋመው አልቻለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የስተርጅን ዝርያዎች ሁሉ ዓለም አቀፍ ንግድ በስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ፣ ዛሬ ገበያ ላይ የሚታየውም በአብዛኛው በእርባታ የተገኘ ነው።

በካቪያር ላይ የተከተፈ ሽንኩርትና ሎሚ የሚያበዙትን አይቼ ያንቺን ካቻፕ አስታወስሁ። የብር ማንኪያ ጣዕሙን ይለውጣል ተብሎ ከዛጎል በተሠራ ማንኪያ የሚጠነቀቁለትን ነገር በሽንኩርት መቅበር ምን የሚሉት ጥንቃቄ ነው? በሜዲትራኒያን ዳርቻ አገሮች ከነከረጢቱ በጨው ታሽቶ፣ ተጭኖ የሚደርቀው የሙሌት ዓሣ እንቁላል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ በስሱ ይቆረጣል ወይም ይፈገፈጋል። እርሱን ለብ ባለ የዶሮ እንቁላል ፍርፍር ላይ ነስንሼ፣ ጨው ሳልጨምር፣ አስኳልን በአስኳል ስበላ ከዚያ ወዲያ ማባያ ትዝ አይለኝም።

ይህን ሁሉ ስልሽ ጠርሙሶችሽን ሁሉ ጣዪያቸው ማለቴ አይደለም። ሰናፍጭን አከብራለሁ። የሰናፍጭ ፍሬ ሳይፈጭ አያቃጥልም፤ ተፈጭቶ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲገናኝ ግን በውስጡ ያለ ኢንዛይም ያን የሚሰነፍጥ ነገር ያስገኛል። ፈልቶ የወረደ ውሃ ከተጨመረበት ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ሰናፍጩም ደብዛዛና መራር ሆኖ ይቀራል፤ ኮምጣጤ ደግሞ ሥራውን ያዘገይና ኃይሉን ለረጅም ጊዜ ያቆይለታል። የሚሰነፍጠው ነገር በቀላሉ የሚተን ስለሆነ ወደ አፍንጫ ይወጣል፣ ወዲያውም ይጠፋል፤ የቃሪያ ማቃጠል ግን ምላስ ላይ ተቀምጦ ይቆያል። ለዚህ ነው ሰናፍጭ ከረጋ አስኳል ጋር የሚስማማው፤ የስቡን ክብደት ቆርጦ አፍን ለሚቀጥለው ጉርሻ ያዘጋጃል እንጂ ቤቱን አይወርስም። ከእሳት ከወረደ በኋላ ጨምሪው፣ ሙቀት ያባርረዋልና።

ማዮኔዝን በተመለከተ ግን አስቢው እስቲ፤ እርሱ ራሱ አስኳል፣ ዘይትና ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ነው። ዘይትና ውሃ አንዱ ከሌላው እንዳይለይ የሚያደርገው በአስኳል ውስጥ የሚገኘው ሌሲቲን ነው፤ አንድ አስኳልም ብዙ ዘይት ሊሸከም ይችላል። በፈሳሽ አስኳል ላይ ማዮኔዝ መጨመር በወንዝ ላይ ውሃ እንደ ማፍሰስ ነው። ደርቆ በበሰለ እንቁላል ላይ፣ በተለይም ሰናፍጭ ከገባበት፣ መልካም መሆኑን አምናለሁ። በቤትሽ የምታዘጋጂው ከሆነ ጥሬ አስኳል ሳልሞኔላ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አደጋ እንዳለው አትዘንጊ።

ካቻፕን ግን ይቅር በይኝ። ቲማቲሙ ራሱ ለእንቁላል የሚመች ነገር አለው፤ ነገር ግን ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ስኳር የሆነ ነገር ሲፈስበት የእንቁላሉ ጣዕም ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ የሚቀረውም ጣፋጭነትና ኮምጣጤ ነው። በእርሱ ፋንታ ሶያ ሶስ ሞክሪ። ከአኩሪ አተር፣ ከስንዴና ከጨው ለወራት ተብላልቶ የሚወጣ ስለሆነ ግሉታሜት በተባለው ጣዕም ሰጪ ነገር የበለጸገ ነው፤ ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር አረም ለይቶ አውጥቶ አምስተኛ ጣዕም ነው ያለውም ይህንኑ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ በፈሳሽ አስኳል ላይ ሲያርፍ ጨውም ጥልቀትም ይሰጠዋል፣ የራሱን ስም ግን አያስጠራም። እኔ ማባያ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ እንቁላል ስትቀቅዪ በሰባተኛው ደቂቃ አውጪው፣ ግማሹን ያለ ምንም ነገር ብዪው፣ ለቀሪው ግማሽ የፈለግሽውን አድርጊለት፤ ከዚያም የተሰማሽን ሳትሸፋፍኚ ጻፊልኝ። ሰናፍጩን በቤትሽ የምታዘጋጂበትንም መንገድ፣ ኮምጣጤውን መቼ እንደምትጨምሪ ሳይቀር፣ አብረሽ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። የሳልመኑን እንቁላል በተመለከተ ደግሞ፣ ቀምሰሽው ነው ወይስ ሳትቀምሺው የምትጠዪው? ይህን ብዙ ጊዜ ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም።

መልስሽን በናፍቆት እጠብቃለሁ።

አክባሪሽና ወዳጅሽ