«ተቃጥሏል» የተባለው ባለ ቱቦ ሞኒተር ሁሉ አልተቃጠለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደብረ ማርቆስ ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን በመጠገን የምተዳደር የጋዜጣችሁ አንባቢ ነኝ። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ትምህርት ቤቶችና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሰው ስለተደረደሩት ባለ ቱቦ የኮምፒውተር ሞኒተሮች ሐሳቤን ለማካፈል እወዳለሁ። ከንብረት መዝገብ ከመሰረዛቸው በፊት የብልሽታቸው ምልክት በጽሑፍ ቢያዝና ሙያው ያለው ሰው ቢያያቸው ኖሮ፣ በእጄ ካለፉት እንደተረዳሁት፣ ብዙዎቹ በትንሽ ወጪ ወደ ሥራ ይመለሱ ነበር።

አሁን የሚታየው ግን ሞኒተሩ አልበራ ሲል ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ ወደ መጋዘን መግባቱ፣ ውሎ አድሮም አንድ ኤሌክትሮኒክስ የሚወድ ተማሪ ካቻቢቴ ይዞ ብቻውን መክፈቱ ነው። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ባለ ቀለም ሞኒተር ሲሠራ ቱቦው ላይ 25,000 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ቱቦው ራሱ እንደ ትልቅ ካፓሲተር፣ ማለትም እንደ ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ፣ ስለሚያገለግል ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ይህን ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የካቻቢቴውን ብረት የቱቦውን ጀርባ ከሚያቅፈው የተሸረበ የመሬት ሽቦ ጋር በሌላ ሽቦ አገናኝቶ፣ አንድ እጅን ከኋላ አድርጎ፣ ጫፉን ከፍተኛው ቮልት ወደ ቱቦው ከሚገባበት የጎማ ክዳን ሥር በማስገባት ኃይሉን ማውረድ ግድ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይህንኑ መድገም ያስፈልጋል፤ የወረደው ኃይል በከፊል ተመልሶ ይጠራቀማልና። የኃይል ማከፋፈያው ትልቁ ካፓሲተርም 220 ቮልቱ ወደ ቀጥተኛ ኃይል ሲለወጥ 310 ቮልት ያህል ስለሚይዝ እሱም ሳይለካ አይነካም።

ወደ ብልሽቱ ስንመጣ፣ ሞኒተር ሕመሙን የሚናገር ዕቃ ነው። ስክሪኑ ቢጫ ከሆነ ሰማያዊው ቀለም ጎድሏል ማለት ነው፤ ይህ ሲሆን ክዳኑን ከመክፈት በፊት ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ጫፍ ማየት ይበቃል፤ ከ15ቱ እግሮች የመጀመሪያዎቹ 3ቱ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን የሚያመጡ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ታጥፎ ወይም ተሰብሮ ይገኛል። መሐል ላይ አንድ አግድም መስመር ብቻ ከታየ ሥዕሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋው አይሲ (ቺፕ) ወይም የእግሮቹ ብየዳ ይመረመራል። ፊውዙ ጠቁሮ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ፊውዝ እየቀየሩ ማቃጠል ዋጋ የለውም። በፊውዙ ቦታ 100 ዋት አምፖል ቢገባ፣ አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መንገዱ ደኅና ነው። ከዚህ በፊት ግን ስክሪኑን ከማግኔትነት የሚያጸዳውን ጥቅል ሽቦ መንቀል ይገባል፤ ሲነሣ ብዙ ኃይል ስለሚስብ አምፖሉን ያለ ጥፋት ያደምቀዋል።

በጥፊ ሲመታ የሚበራ ሞኒተር ግን ከሁሉም በላይ ያስቆጨኛል። እንዲህ ያለውን ቦርድ ገልብጦ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ፍላይባክ በሚባለው፣ ከፍተኛውን ቮልት በሚያመነጨው ትራንስፎርመር እግር ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ክብ ስንጥቅ ይታያል። ፍላይባክ ከባድ ዕቃ ስለሆነ፣ በየቀኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ብየዳው ይሰነጠቃል። አሮጌውን እርሳስ መጥጦ በካውያ እንደገና መበየድ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ መለዋወጫ እንኳ አይገዛለትም።

የአገራችን አየር የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ የሳሳው አየር የከፍተኛ ቮልት ብልጭታን ከቆላው ያነሰ ይከላከላል። ክረምቱን ሙሉ በእርጥብ መጋዘን የከረመ ሞኒተር በአቧራው ላይ እርጥበት ስለሚጨምር፣ ሲበራ ከጎማው ክዳን አካባቢ እንደ ጥብስ ይንጣጣል። በደረቅ ክፍል ጥቂት ቀን ማቆየትና፣ ኃይሉ ከወረደ በኋላ አቧራውን በአልኮል መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ሁሉም ይጠገን አልልም። ቱቦው ራሱ ደክሞ ሥዕሉ ከደበዘዘ፣ ወይም ፍላይባኩ ሞቶ ምትክ ከጠፋ፣ ጠፍጣፋ ሞኒተር መግዛት ይሻላል። በ1987 እ.ኤ.አ. ከወጣው ቪጂኤ ከሚባለው ሥዕልን ወደ ሞኒተር የመላኪያ ሥርዓት በፊት የተሠሩ ኮምፒውተሮች ግን በአብዛኞቹ ጠፍጣፋ ሞኒተሮች ላይ ሥዕል ስለማይሰጡ፣ እነሱን ይዞ የሚገኝ ተቋም አሮጌውን ሞኒተር ከመጣሉ በፊት ደግሞ ደጋግሞ ያስብበት።

የማይጠገነውም ቢሆን እንደ ድንጋይ አይወረወርም። ቱቦው አየር የተመጠጠለት በመሆኑ ሲሰበር የብርጭቆው ስባሪ ይፈነጠራል፤ ብርጭቆው ውስጥም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ። አንገቱ ላይ ለተጠመጠመው መዳብ ሲሉ የቱቦውን አንገት በድንጋይ የሚመቱ ልጆችን በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ የንብረት ክፍል ኃላፊዎች እያንዳንዱ ሞኒተር ሲበላሽ ያሳየውን ምልክት፣ ይኸውም ጨርሶ አለመብራቱን፣ ቀለም መጉደሉን ወይም መስመር ማሳየቱን፣ በወረቀት ጽፈው እንዲለጥፉበት፣ የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማትም ለጨረታ ከመቅረባቸው በፊት ተረክበዋቸው ሠልጣኞች በመምህር ፊት ኃይል ማውረድን እንዲለማመዱባቸው እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ